ክትትል አራተኛ ደረጃ አይደለም

ጠያቂያችን ከሂሳብ ክፍል ወደ ፕሮጀክት አስተባባሪነት መዛወርዎን ጠቅሰው፣ ማስጀመር፣ ማቀድ፣ ማስፈጸም፣ ክትትልና ቁጥጥር እንዲሁም መዝጋት የተባሉት አምስት የፕሮጀክት አመራር ሂደቶች አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀመርባቸው ደረጃዎች ናቸው ወይ ብለዋል። አይደሉም። እኔም ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ ድሬዳዋ ውስጥ የመማሪያ ክፍሎች ግንባታ ሳስተባብር ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ገንዘቡ እንዳይመለስ በማሰብ የፌሮና የሲሚንቶ ክፍያ በሰኔ ወር ተፈጸመ፤ ሪፖርታችንም የወጣውን ገንዘብ እንደተሠራ ሥራ ቆጥሮ ግንባታው ከግማሽ ማለፉን ገለጸ። ፌሮው ግን ገና ከአቅራቢው መጋዘን አልወጣም ነበር። ወደ ሳይታችን የሚወስደው መንገድ ደግሞ በከተማው መካከል የሚያልፈውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ያቋርጣል። ደቻቱ በበጋ ደረቅ ነው፤ በክረምት ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደንገጎ በኩል ደጋው ላይ የዘነበው ውኃ ድንገት ሞልቶ ይደርሳል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምቱን የሌሊት ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ፈጽሞ አይረሳውም። ነሐሴ ላይ መንገዱ ሲቆረጥ ፌሮው ሳይደርስ ቀርቶ የኮለን (የቋሚ ምሰሶ) ሥራ ተቋረጠ፤ የኮለን ሥራ ሲቋረጥ በላዩ የሚያርፈው ቢምም (አግዳሚው) ጣሪያውም ተከትለው ቆሙ። ቀለም ቢዘገይ ኖሮ ይህን ያህል ባልጎዳን ነበር፤ አንዱ ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ በዕቅዱ ላይ መጻፍ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ የክትትል መለኪያው የሚዘጋጀው በማቀድ ጊዜ ነው። ለምሳሌ የ4,000,000 ብር ሥራ ይዘው እስከ ዛሬ የ2,000,000 ብር ሥራ ሊጠናቀቅ ታቅዶ፣ 2,000,000 ብር ወጥቶ፣ በሳይቱ ላይ ተለክቶ የተገኘው ሥራ ግን በዕቅዱ ዋጋ 1,500,000 ብር ብቻ ቢሆን፣ የሂሳብ መዝገብዎ ምንም ልዩነት አያሳይም። የተሠራውን ለወጣው ሲያካፍሉ ግን 0.75 ያገኛሉ፤ አካሄዱ ካልተስተካከለም 4,000,000 ለ0.75 ሲካፈል ጠቅላላ ወጪው ወደ 5,333,000 ብር ያመራል። በሂሳብ ሙያ ያለፈ ሰው ይህን ከብዙ መሐንዲሶች ፈጥኖ ስለሚይዘው፣ ሙያዎን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት።

መዝጋትም ቢሆን ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አይደለም፤ በጊዜያዊና በመጨረሻ ርክክብ መካከል ጉድለቶች የሚታረሙበት ጊዜ አለ፤ ምን ተሠርቶ ምን እንደሚረከቡ በማስጀመሪያው ሰነድ ላይ ካልተጻፈ ክርክሩ የሚነሣው እዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተፈረመውን የሥራ ወሰን ይጠይቁ፤ ቀጥሎም ከሳይት መሐንዲሱ ጋር ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ሥራ መጠኑን፣ ዋጋውንና የሚጠብቀውን ሥራ በአንድ ሠንጠረዥ ያስፍሩ።