የኤፒ ፈተና 2 ብታመጣ ኮሌጅ አትገባም?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ አሜሪካ 11ኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ክፍል ውስጥ ኤፒ ኬሚስትሪ (ሃይስኩል እያሉ የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ቢ ፕላስ ነበራት ፈተናው ግን 2 መጣ። ጁላይ ላይ ውጤቱን እንዳየች ስልኳን ገልብጣ አስቀምጣ ክፍሏን ዘጋች። ተበላሸባት ማለት ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ አልተበላሸም። ፈተናው ከ1 እስከ 5 ነው የሚታረመው፣ ኮሌጆች ግን ከሁሉም በፊት የሚያዩት ትራንስክሪፕቱን (የክፍል ውጤቷን መዝገብ) ነው፣ ምን ያህል ከባድ ኮርስ ወሰደች፣ ምን አመጣች፣ ያውም ትምህርት ቤቷ ከሚሰጠው ጋር እያነጻጸሩ፣ ስለዚህ ያ ቢ ፕላስ ከ2ቷ በላይ ይናገርላታል። ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ የሚሞላው የማመልከቻ ፎርም) ላይ የኤፒ ፈተና ውጤቱን የምትሞላው ራሷ ነች፣ አብዛኞቹ ኮሌጆች ሁሉንም ጻፊ ብለው አያስገድዱም፣ 4 እና 5 ካላት እነሱን ጽፋ 2ቷን ብትተው ማጭበርበር አይደለም (የምታመለክትበትን ኮሌጅ ድረገጽ ግን እዩት)። የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ደግሞ ሜይ ላይ ስለሆነ ውጤቱ ሲመጣ የመግቢያው መልስ ቀድሞ ደርሷታል። ውጤቱ በደንብ የሚጠቅመው ከገባች በኋላ ለክሬዲት ነው (ኮሌጅ ውስጥ ኮርሱን እንደወሰደች እንዲቆጠርላት)፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ3 ጀምሮ ይሰጣል፣ ሌሎች 4 ወይ 5 ይላሉ። ብቻ ለማካካስ ብላ አምስት ኤፒ እንዳትከምር፣ ኤው ሁሉ ሲ ከሆነ ያኔ ነው የሚጎዳት። አሁን በሯን አንኳኪና ይሄን ንገሪያት።