መልስ፦ የሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክልህ ዘይት አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ጎደሎ ለሚያሳይህ

በጎን ስታንድ አዘንብለህ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ ማታ ደግሞ ወዲያው እንደጠፋ ስለምትለካው ነው። እንዲህ አድርግ፦

1. በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጥ) ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስነሳና አጥፋው።
2. 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቅ። ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ መለኪያውን ጠርገህ ሳታጠብቀው ክተት። ከታችኛው ምልክት ካነሰ ጨምር፣ ከላይኛው ግን አታሳልፍ።

የመኪና ዘይት እንዳትሞላበት። ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ስለሚሰራ ሊንሸራተት ይችላል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ያላቸውን አይቻለሁ። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚለውን የሞተር ሳይክል ዘይት ምልክት ፈልግ።

የትኛውን ቢራ እንደምመርጥም ስለጠየቅከኝ፣ እኛ ጋ ሐረርና በደሌ ያጨቃጭቃሉ። እኔ ሐረር ነኝ፣ ያውም ሞተሩ ግቢ ገብቶ ካደረ። መንገድ ላይ አልኮል የሌለው ሶፊ ማልት ይበቃል።