የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ውኃ የጠጣ የጀልባ ሆድ

ጥያቄ፦ አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝም አሮጌ የፋይበር ግላስ ጀልባ ከጎርጎራ ገዝቼ አዘዞ ወደሚገኘው ግቢዬ አስመጥቻለሁ። የሆዱን ቀለም ስፍቀው ሽምብራ የሚያህሉ እብጠቶች በብዛት ታዩኝ፤ አንዱን ብወጋው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ውኃ ወጣው። ከፊት በኩል ደግሞ ድንጋይ የበላው ስፍራ አለ። አንድ የባቲላሜራ ባለሙያ በመኪና ስቱኮ ደፍኖ ቀለም ሊቀባልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። ልስማማ?
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አይስማሙ። የመኪና ስቱኮ ፖሊስተር ሬዚን ከሚባለው፣ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት ከሚደርቅ ሙጫና ከታልክ ዱቄት የሚዘጋጅ፣ የተጎዳ ላሜራን ለማስተካከል የታሰበ ነገር ስለሆነ፣ ውኃ ውስጥ ሲሰነብት እርጥበት ይመጥና ይለቅቃል። ባለሙያው በመኪና ሥራው የተካነ ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ ጀልባ ችግር ግን የገጽታ አይደለም። ውኃው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እሱ ሳይወጣ የሚደረብ ማንኛውም ልባስ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ጉዳቱን ከውስጥ ቆልፎ ከማስቀመጥ አያልፍም።

ጄልኮት የሚባለው የጀልባው የውጭ ልባስ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ውኃን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያሳልፋል። ያለፈው ውኃ የጀልባውን ፋይበር በያዘው ፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ሳይጠነክሩ የቀሩ ኬሚካሎችን አሟሙቶ አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይፈጥራል፤ ይህም ፈሳሽ በተራው ከውጭ ተጨማሪ ውኃ እየሳበ ግፊቱ ሲበረታ ልባሱን ያሳብጠዋል። እርስዎ ያሸተቱት ይህንኑ ነው፤ ሂደቱም ኦስሞሲስ ይባላል። የጣና ውኃ ጨው አልባ በመሆኑ በእብጠቱ ውስጥ ባለው ፈሳሽና በውጭው ውኃ መካከል ያለው ልዩነት ከባሕር ይልቅ የሰፋ ነው፤ ስለዚህ ሐይቅ ላይ ታስሮ የሚከርም ጀልባ ከባሕር ጀልባ ቀድሞ ሊያብጥ ይችላል። ሐይቅ ለጀልባ ይራራል የሚለው እምነት ለብረት ዝገት ካልሆነ በቀር እዚህ አይሠራም።

ጀልባውን በሰው ኃይል ገልብጠው በአሮጌ ጎማዎች ላይ ያሳርፉትና ሆዱን ከዳር እስከ ዳር በቀላል መዶሻ እጀታ ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ንብርብሩ የተለያየ ወይም የረጠበ ነውና በጠመኔ ያክብቡት። እብጠቶቹን አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ ፈሳሹ በግፊት ስለሚፈናጠር የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይጀምሩ። ከዚያም ጉድጓዶቹን በንጹሕ ውኃ፣ ቢቻል በሙቅ ውኃ፣ ደጋግመው ይጠቡ፤ አሲዱ በመድረቅ ብቻ አይወገድምና።

ቀጥሎ ያለው ዋናው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ብዙ እድሳት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የጎንደር በጋ ለዚህ የታደለ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ አየርና ነፋስ በሌላ አገር ሰዎች በማሞቂያ የሚያገኙትን ያለ ወጪ ይሰጥዎታል። ላዩን ብቻ በሸራ ከልለው ጎን ለጎኑን ለነፋስ ክፍት ይተዉት፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መድረቁን ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ በሆዱ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉትና ፀሐይ ላይ ያውሉት። ከላስቲኩ በታች ጤዛ ከታየ ጊዜው ገና ነው፤ ሥራው ከኅዳር ወደ ታኅሣሥ ቢሻገርም ይሻገር።

ድንጋይ የበላውን ስፍራ የላላው ፋይበር እስኪያልቅና ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ በግራይንደር ይሞርዱት፤ ጠርዙንም ቀስ በቀስ እንዲሳሳ አድርገው ያስፉት። ልኩ የውፍረቱ 12 እጥፍ ነው፤ ማለትም ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ በየአቅጣጫው 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱ ፋይበር አሮጌውን የሚይዘው በዚህ ስፋት ብቻ ነው። በአሮጌ ፖሊስተር ላይ ኢፖክሲ የተባለው ሌላው የሬዚን ዓይነት ከአዲስ ፖሊስተር ይልቅ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ለዚህ ሥራ ኢፖክሲ ይምረጡ፤ ከእሱም ጋር ከመስታወት ክር የተሸመነ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ አጫጭር ክሮች በሙጫ ተያይዘው የሚሠራው ምንጣፍ ሙጫው የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን ስለሆነ ለኢፖክሲ በአብዛኛው አይመችም።

በፖሊስተር የለመደ ሰው ማጠንከሪያውን ጨመር አድርጎ ሥራውን ማፋጠን ይወዳል። በኢፖክሲ ይህ አይሆንም፤ አምራቹ ከጻፈው ልክ የበዛም ያነሰም ማጠንከሪያ ሥራውን ለዘለቄታው ልስልስ አድርጎ ያስቀረዋል። በታኅሣሥና በጥር የጎንደር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ረፋዱ ላይ በጥላ ሥር ይሥሩ። የተደባለቀውንም በጠባብ ጣሳ ውስጥ አያቆዩት፤ በራሱ ሙቀት ፈልቶ ይደርቅብዎታል፤ ዝርግ ትሪ ይሻላል።

ጉድጓዶቹ በኢፖክሲ ድልዝ ከተሞሉና ሆዱ በብርጭቆ ወረቀት ከተስተካከለ በኋላ አምስት ወይም ስድስት ስስ የኢፖክሲ ልባስ ይቀቡ። ኢፖክሲ ሲደርቅ ፊቱ ላይ ሰም መሰል ቅባት ሊተው ስለሚችል፣ ከመሞረድዎ በፊት በውኃ ይጠቡት፤ ፀሐይም ስለሚጎዳው በቀለም ይሸፍኑት። ነጋዴዎች ለባሕር ጀልባ የሚሸጡትን መዳብ ያለበት ፀረ ተጣባቂ ቀለም እንዳይገዙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በጣና ከጀልባ ሆድ ላይ የሚጣበቁት የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታት የሉም፤ የሚይዘው አረንጓዴ ልጋግ በብሩሽ ይለቃል። መዳቡ የሚመርዘው ሐይቅ ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርባስ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ፣ የብዙ ሰውም መጠጥ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጀልባ በግቢያችን ውስጥ ይሞርዳል። ልጆች አሉን፤ በርበሬና እህልም እዚያው እናሰጣለን። አቧራው ይጎዳል?
አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አዎ፣ እመቤቴ፣ ይጎዳል። የመስታወት ክር ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ያስቆጣል፤ የአሮጌው ቀለም ብናኝ ደግሞ እርሳስ ወይም መዳብ ሊኖርበት ይችላል። በሚሞረድበት ቀን የተሰጣ ነገር ሁሉ ይነሳ፣ ልጆቹም ከግቢው ይራቁ። ባለቤትዎ ቀለሙን ውኃ እያርከፈከፈ በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍግ፤ ከሥሩ ላስቲክ ያንጥፍ፤ የጨርቅ ጭምብል ሳይሆን ማጣሪያ ያለው የፊት መከላከያ ያድርግ። ፖሊስተር የሚጠቀም ከሆነ ማጠንከሪያውንና ኮባልት የተባለውን ማፋጠኛ በቀጥታ ፈጽሞ እንዳይቀላቅል ይንገሩት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይፈነዳሉ። ማጠንከሪያው ዓይን ውስጥ ጠብ ካለ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ይወሰድ።