ጎሚኒ ቀይሬ ፍሬኑ ለምን አሁንም ይይዛል? እና ሌሎች የካሊፐር ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ዙር ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል ካሊፐር ናቸው (ፒስተኑን ይዞ ፓዶቹን፣ ማለትም የፍሬን ሸራዎቹን፣ ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል)፣ ምን እንደነካችሁ አላውቅም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አንዱ ሞተሩን እንዴት እንደገዛው ብቻ ሁለት ገጽ ስለጻፈ ይቅር በለኝ።

ካሊፐሩን ከመግጠሜ በፊት ቀይ ቀለም ልቀባው አስቤ ነበር፣ ችግር አለው?

የለውም፣ ግን ፍሬን ዘይት ሲነካው ይላጣል፣ ፒስተኑ ቤት ውስጥ ደግሞ ጠብታ ቀለም እንዳይገባ።

ሱቅ ውስጥ ዶት 5 እና ዶት 5.1 የሚባል ፍሬን ዘይት አየሁ፣ ያው አንድ ናቸው አይደል? ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሻላል ብዬ ነው።

አይደሉም! ስም ያወጣላቸው ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ግን የግላይኮል ዘር ናቸው፣ ሲሊኮኑን ከነዚህ ጋር መቀላቀል አይቻልም። ማስተር ሲሊንደሩ (እጀታው ጋ ያለው፣ ዘይቱን ወደ ካሊፐሩ የሚገፋው) ክዳን ላይ ዶት 4 ከተባለ ዶት 4 ግዛ በቃ። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስብህ ዕድሜው ይሁን፣ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት ውሃ ሲጠጣ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ በሁለት ዓመት አንዴ ቀይረው፣ ተከፍቶ ዓመት የከረመ ጠርሙስም አትጠቀም።

የካሊፐሩን ውስጥ በቤንዚን ባጥበውስ?

አይሆንም። በናፍታም አይሆንም፣ በሞተር ዘይትም አይሆንም፣ የፍሬን ጎሚኒ፣ ፒስተኑን የሚያቅፈው የጎማ ቀለበት፣ የነዳጅ ዘር ሲነካው ያብጣል። በአልኮል ወይም ለፍሬን ተብሎ በሚሸጠው ማጽጃ እጠበው።

ፒስተኑንም ጎሚኒውንም በአዲስ ቀየርኩ፣ ካሊፐሩንም አጠብኩት፣ ግን ፍሬኑን ስለቅ አይለቅም፣ ጎማውን በእጅ ማዞር ይከብዳል፣ ትንሽ ነድቼ ስቆም ዲስኩ ያቃጥላል። ጎሚኒው ፎርጅድ ይሆን?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ጎሚኒውን ነው የሚጠረጥረው፣ ምክንያቱም የተገዛው እሱ ነው፣ ገንዘብ የወጣበት ነገር ላይ ነው የምንናደደው። እኔ ግን የምጠይቅህ ሌላ ነው፦ ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦይ ፍቀኸዋል ወይ? «አጠብኩት» ነው ያልከኝ። መታጠብና መፋቅ ለየቅል ነው።

ከበሮ ፍሬን ላይ ሸራውን መልሶ የሚስብ ሞላ አለ። ዲስክ ፍሬን ላይ ግን ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ የለም፣ የሚመልሰው ያ ተራ የሚመስል ጎሚኒ ራሱ ነው። ቆርጠህ ብታየው ጠርዙ አራት ማዕዘን ነው፣ ፒስተኑን አቅፎ ይይዘዋል፣ ፍሬን ስትይዝ ፒስተኑ ወደ ዲስኩ ሲሄድ ጎሚኒው አብሮት ያዘነብላል፣ ስትለቅ ደግሞ ጎሚኒው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል። የሚመለሰው አንድ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ ግን ዲስኩን ለመልቀቅ ይበቃል። ፓዱ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ ፒስተኑ በጎሚኒው ውስጥ ተንሸራቶ ወደፊት አዲስ ቦታ ይይዛል። ይሄን ሁሉ የሚሠራው አንድ ቀለበት ጎማ ነው እንግዲህ።

አሁን ካሊፐሩ አሉሚኒየም መሆኑን አስብ። ዓመታት ሲቆጠሩ እርጥበቱ ከውጪም ከዘይቱም እየመጣ ቦዩ ውስጥ፣ ከጎሚኒው ጀርባ፣ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፣ እንደ ድንጋይ ነው የሚጠነክረው። ቅርፊቱ ጎሚኒውን ከኋላው እየገፋ ፒስተኑ ላይ ያጣብቀዋል፣ ጎሚኒው ለማዘንበልም ለመመለስም ቦታ ያጣል። እና አንተ እዚያ ላይ አዲስና ወፍራም ጎሚኒ ስትከት የባሰ ተጣበበ እንጂ አልተሻለም። እኔ የመጀመሪያዬን ካሊፐር ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ጎሚኒ ሻጩን ልሰድብ ሄጄ ነበር፣ ደግነቱ ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

የሚፋቀው ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ብረት ነው፣ የጥርስ ሐኪም መሣሪያ ዓይነት፣ ከዚያ በትንሽ የናስ ብሩሽ። ቅርፊቱን እንጂ አሉሚኒየሙን አትፋቅ፣ ነጩ አልቆ ብርማው ብረት ሲታይህ አቁም። አቧራ የሚከለክለው የውጪው ጎሚኒ ቦይም እንዲሁ፣ እንዲያውም እሱ ነው ብዙ ጊዜ የሚብሰው። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አንድ ካሊፐር አንድ ሰዓት ቢፈጅብህ አትገረም። ማለቁን የምታውቀው በዚህ ነው፦ አዲሱን ጎሚኒ በንጹሕ ፍሬን ዘይት አርሰህ ቦዩ ውስጥ አስቀምጥ፣ ፒስተኑን ቀጥ አድርገህ በአውራ ጣትህ ግፋው። በጣት ከገባ ጸድቷል። መዶሻ ወይም ሞርሳ ካሰኘህ አልጸዳም፣ ተመለስ።

ግን ከመፍታትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። ጎማው ጥርቅም ብሎ በያዘበት ሰዓት የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቪቴ ትንሽ ላላ አድርገው። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ካሊፐሩን አትውቀሰው፣ ግፊቱ ከላይ ነው የታሰረው፦ ወይ አሮጌው የፍሬን ዘይት ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን እያሳለፈ አይመልስም፣ ወይ ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለችው መርፌ የምታክል መመለሻ ቀዳዳ ተደፍናለች። ቪቴው ላልቶም ጎማው ካልተለቀቀ ችግሩ እዚያው ካሊፐሩ ላይ ነው፣ እንግዲህ መፋቂያህን አንሳ።

ፒስተኑ ደርቆ አልወጣም አለኝ። ወንድሜ በኮምፕረሰር ንፊው ይወጣል አለኝ፣ እኔ ግን ፈራሁ።

መፍራትሽ ልክ ነው፣ ወንድምሽ ጣቱ እስካሁን ሙሉ ከሆነ ዕድለኛ ነው። አየር ሲታመቅ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ፒስተኑ ድንገት ሲለቅ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው፣ መሀል ያለ ጣት ይደቀቃል። ዘይት ግን አይታመቅም፣ ስለዚህ ካሊፐሩን ከሞተሩ ሳትፈቺው፣ ቱቦው እንደተያያዘ ፓዶቹን አውጪና የፍሬኑን እጀታ ቀስ እያልሽ ጭመቂ፣ ፒስተኑ እየተንፏቀቀ ይመጣል። ሁለት ከሆኑ አንዱ ቀድሞ እንዳይዘልቅ በእንጨት ያዢው፣ ማስተር ሲሊንደሩም ዘይት እንዳይጨርስ እያየሽ ሙዪ። የሚንሸራተተውን የፒስተኑን ጎን በፒንሳ መያዝ የለም። መነጽር አድርጊ፣ ፍሬን ዘይት ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ለደቂቃዎች ታጥበሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ «ይሻለኛል» ብለሽ አትተኚ። የአሮጌ ፓድ ዱቄትም አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይነፋም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

በእጀታውም ካልወጣ ወይ ማስወጫ ቪቴው ከተሰበረ ለባለሙያ ስጪ፣ እልህ አያስፈልግም።

ፒስተኑ ላይ ትንንሽ የዝገት ጉድጓዶች አሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ባስተካክላቸውስ?

ፒስተኑ የተለበጠበት ክሮም ስስ ነው፣ ስትፈገፍገው ታነሣዋለህ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ወዲያው ይዝጋል። ጉድጓዱ ጎሚኒው በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ከሆነ ፒስተኑ ይቀየር፣ ለብዙ አሮጌ ሞተሮች የማይዝግ ብረት ፒስተን ይገኛል። ከጎሚኒው ውጪ፣ ፓዱ ጋ ያለ ነጠብጣብ ከሆነ ተወው።

ገጠምኩ፣ አየር አስወጣሁ፣ አሁንም እጀታው እንደ ስፖንጅ ነው፣ መሪውን ይነካል። ልነዳው ወይስ ቀስ እያለ ይስተካከላል?

በራሱ አይስተካከልም፣ እንዳትነዳው! መሪውን የሚነካ እጀታ ይዘህ ለሙከራ ብለህም አትውጣ። መጀመሪያ ማስወጫ ቪቴው የካሊፐሩ አናት ላይ መሆኑን እይ፣ የግራና የቀኙን አቀያይሮ ገጥሞ ቪቴው ታች የሆነበት ሰው አጋጥሞኛል፣ እሱ ስድስት ጠርሙስ ዘይት ጨርሶ ነበር። እሱ ልክ ከሆነ አየሩ ከማስተር ሲሊንደሩ ሥር፣ ቱቦው የሚታሰርበት ቡሎን ጋ ተደብቆ ይሆናል፣ እጀታውን ጠበቅ አድርገህ በገመድ አስረኸው ይደር፣ ብዙ ጊዜ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። የመዳብ ሮንዴላዎቹን አዲስ አድርገሃል? ይሄ ሁሉ ተደርጎ እንደዚያው ከሆነ፣ ወይም የትም ቦታ እርጥበት ካየህ፣ ሞተሩን በመኪና አስጭነህ ሜካኒክ ጋ ውሰደው። ጭነህ ነው ያልኩህ፣ ነድተህ አይደለም።

አሮጌ ሆንዳ ሲቢ 750 አለኝ፣ የፊቱ ፍሬን አንዱ ፓድ አልቆ ሌላው እንደ አዲስ ነው። ዕድሜዬ ስለገፋ መፈታታቱ ይታክተኛል፣ ቀላል መፍትሔ ካለ።

ጋሼ፣ አለ፣ ደግሞም ያማረ ሞተር ነው ያለዎት። ሆንዳ ይሄን ሞተር በ1969 የፊቱን ዲስክ ፍሬን ይዞ ሲያወጣው ካሊፐሩ ባለ አንድ ፒስተን ነበር፣ የተሰቀለውም በሚወዛወዝ ክንድ ላይ ነው። ፒስተኑ አንዱን ፓድ ሲገፋ ክንዱ ተወዛውዞ ሌላውን ያመጣዋል። የክንዱ ማጠፊያ ከዛገ ካሊፐሩ አይወዛወዝም፣ ስለዚህ የፒስተኑ ወገን ፓድ ብቻውን እየሠራ ዲስኩን ወደ ጎን ይገፋል። ከፒስተኑ ወገን ያለው ከሆነ ያለቀው፣ የማጠፊያውን ዘንግ ያስወጡና ዝገቱን አጽድተው ግሪስ ይቀቡት፣ ፓዶቹን ሁለቱንም ይቀይሩ፣ ግሪስ ደግሞ ዲስኩን እንዳይነካ። ክንዱ ላይ ባለ ሞላ ማስተካከያ ቪቴም አለ፣ እሱን በፋብሪካው መጽሐፍ መሠረት ያስተካክሉ። ካታከተዎት ልጆቹን ያሠሩ፣ እርስዎ ወንበር ይዘው ይምሯቸው።