ወተቱ ሰው ፊት ይለካ

ሱሉልታና ሰንዳፋ አካባቢ ሁለት ሦስት ላም ይዛችሁ ለጀመራችሁ ልጆቼ፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከበረት በረት ስዞር ነው። ስለ መኖና ስለ ክትባት የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎረቤት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል ሁዳዴ ላይ ነበርን። በጾም ወተት ገዢ እንደሚያጣ ታውቃላችሁ። ሁሉም ፋሲካን ይጠብቅ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ደረሰ፣ ገበያው ግን የለም። ካፌው ጭር ብሏል። ታክሲ በግማሽ ይጭናል። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ላሟ ግን ጠዋት ማታ መታለብ አለባት፤ ፉርሽካና ድርቆሽም ትፈልጋለች።

በማውቀው አንድ ሰፈር ሰባት ቤቶች መከሩ። በየተራ አንድ ሰው የሁሉንም ወተት ይዞ ከተማ ይውረድ ተባባሉ። ሳምንት ሳይሞላ ወተቱ «ቀጥኗል» ተብሎ ተመለሰ። ማን ውሃ ጨመረ? በአንድ እድር የኖሩ ሰዎች ሰላምታ ሊነሳሱ ምንም አልቀራቸው።

አንዲት እናት ናቸው ነገሩን ያበረዱት። «ማንንም አልጠረጥርም። ከነገ ጀምሮ ግን የኔ ወተት መጀመሪያ ሰው ፊት ይለካ» አሉ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ደረስኩ። አንዱ አስለክቶ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ ሁሉም ማስክ አድርጓል። ላክቶሜትሬን፣ ማለትም የወተት መለኪያዬን፣ ወተቱ ውስጥ ለቀቅኩት። ደህና ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ያሳያል። ውሃ ካለበት መለኪያው ጠልቆ ይገባል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። የእሳቸው 30 ላይ ቆመ። ሊትሩንም ቁጥሩንም በልጃቸው ደብተር ላይ ጻፍን። ከዚያ በኋላ ወተት አልተመለሰም። ውሃውን ማን እንደጨመረም የጠየቀ የለም፤ ይሄ በኔ ዓይን ትልቅ ነገር ነው።

እናንተም ስትተባበሩ ከመጀመሪያው ቀን ጻፉ፣ ወዳጅም ቢሆን። የሚዋደዱ ሰዎች ሒሳብ ሲያፍሩ ነው ቂም የሚገባው። ላማችሁ ስትታመምም አትደብቁ። አፍተግር የሚባለው ተላላፊ የከብት በሽታ በረታችሁ ገብቶ ዝም ካላችሁ የጎረቤታችሁን ከብት አስያዛችሁ ማለት ነው።

ከሰባቱ ቤቶች በአንዱ ባልና ሚስት ታመው ቤት ተዘጋባቸው። አራት የሚታለቡ ላሞች አሏቸው። ያልታለበች ላም ጡቷ ያብጣል፣ ይታመማል። ጎረቤት ፈርቷል፤ አልፈርድበትም። እኚያው እናት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በጓሮ በር ገቡ። ላሟ የባዕድ እጅ ስለሆነባት ወተቷን ያዘች። ጥጃዋን አምጥተው ትንሽ አስጠቧት፤ ያኔ ለቀቀች።

ባልየው ድነው ሲወጡ ደብተሩን አዩት። የ14 ቀን ወተታቸው ጠዋትና ማታ ተለይቶ ተጽፏል። ብሩ በፌስታል ተቋጥሮ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።