ባለቤቴ ተስፋ ቆርጧል፤ እምነቱን እንዴት ልመልስለት?

ጥያቄ፦ «ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ያዘነ ሰው ሲያይ ሄዶ የሚያጽናና ነበር። ሥራውን ካጣ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኖብኛል። ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ከአልጋ አይወርድም። መጽሐፍ ቅዱስ መግለጥ ትቷል፤ ጥቅስ ሳነብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እናቴ ‹እምነቱ ደክሞ ነው፤ ገሥጪው› ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ‹እኔ ባልኖር ለእናንተ ይሻላችሁ ነበር› አለኝ። ደንግጬ ተቆጣሁት፤ ይህ ኃጢአት ነው አልኩት። ከዚያ ወዲህ አያወራኝም።»

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ እምነቱ ከመነጋገራችን በፊት «እኔ ባልኖር» ያለሽን ነገር እንያዝ። ነገ ሳትይ ዛሬውኑ ጠይቂው። ልጆቹ በሌሉበት አጠገቡ ተቀመጪና «ያን ቀን የተቆጣሁህ ፈርቼ ነው። ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? እንዴት እንደምታደርገውስ አስበሃል?» በይው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ የሚያመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አያመጣም፤ ሐሳቡን ብቻውን ተሸክሞ የሰነበተ ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ቀለል ይለዋል። «አዎ» ካለሽ አትከራከሪው። ብቻውን አትተዪው፣ መድኃኒትም ሆነ መርዝ፣ ገመድም ሆነ መሣሪያ ከአካባቢው አርቂ፣ የምታምኚውን ሰው ጥሪና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። «ለማንም እንዳትናገሪ» ቢልሽ ያን ቃል አትግቢለት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እንቅልፍ ማጣት፣ ከአልጋ አለመነሣት፣ ይወደው በነበረ ነገር ደስ አለመሰኘት፣ «አልረባም» ማለት ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ አብረው ሲቆዩ እኛ ባለሙያዎች ድባቴ እንለዋለን። ባለቤትሽን ሳላየው ይህ ነው ብዬ መቁረጥ አልችልም፤ የጻፍሽው ግን ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ ይነግረኛል። ድባቴ የሚወስደውን አይመርጥም። ከልጆቹ ጋር መጫወት ቢተው «ልጆቹን ጠላ» አትይም፤ ጉልበት እንዳጣ ይገባሻል። መጽሐፍ ቅዱሱን የዘጋበትም ያው ድካም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እምነቱ ጠፍቷል ብለሽ አትጀምሪ። ሌሎችን ሲያጽናና ለኖረ ሰው አጽናኝ ፈላጊ መሆን ራሱ ምን ያህል እንደሚያሳፍረው አስቢው።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 የተጻፈውን ለራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ሲወርድ ያየ ነቢይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ምድረ በዳ ገብቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» እያለ ሞትን ለመነ። እምነት ጎድሎት ነው የሚል አለ? መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም። ዳሰሰው፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ራስጌው ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ እንደሆነበት ነግሮት። የልብ የልቡን የተነጋገረው 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያም በጥያቄ ተጀመረ፦ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ኤልያስ ያንኑ ምሬት በዚያው ቃል ሁለት ጊዜ ደገመው፤ እግዚአብሔርም ሁለቱንም ጊዜ ሰማው። «እኔ ብቻ ቀረሁ» ላለው መልሱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ለበኣል ያልሰገዱ 7000 ሰዎች አሉ። ከዚያም ኤልሳዕን አጠገቡ አደረገለት።

እህቴ፣ ቅደም ተከተሉን አየሽው? መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ፣ ቀጥሎ መደመጥ፣ ከዚያ እውነቱ፣ ከዚያ የሚራዳው ሰው። አንቺ በፍቅር ብለሽ በሦስተኛው ጀመርሽ፤ ጥቅሱም እውነት ሆኖ ሳለ ወቀሳ ሆኖ ደረሰው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሪ። ጠዋት ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት እንዲነሣ አግዢው፤ መጋረጃውን ክፈቺ፤ ምግቡን በሰዓቱ አቅርቢለት፤ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን አብራችሁ ወጥታችሁ ተራመዱ። «ደስ ሲለኝ እወጣለሁ» ይልሻል። በድባቴ ጊዜ ደስታው ቀድሞ አይመጣም፤ ሰው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚከተለው። ከአልጋ ወርዶ ፊቱን የታጠበበትን ቀን እንደ ትልቅ ነገር ቁጠሪለት፤ ለእሱ ትልቅ ነው።

ሲናገር ደግሞ ለማረም አትቸኩዪ። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ አጽናኞቹ ነበሩ፤ «ይህ የደረሰብህ በበደልህ ነው» ማለት ሲጀምሩ ቁስሉን አባሱበት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ነው። ለእናትሽ ይህን በአክብሮት ንገሪያቸው። ስለ እምነትና ስለ መከራ ብዙ ያጠናው የሥነ ልቦና ምሁር ኬኔት ፓርጋመንት ካሳያቸው ነገሮች አንዱ፣ «እግዚአብሔር ቀጣኝ፣ ተወኝ» ብሎ የሚያስብ ሰው ጭንቀቱ እንደሚበረታ፣ «በመከራዬ አብሮኝ አለ» ብሎ የሚያስብ ደግሞ የተሻለ እንደሚቋቋም ነው። ግሣጼ ወደ መጀመሪያው ይገፋዋል።

ጸሎትስ? አትተዪው፤ ነገር ግን አታስገድጂው። «አጠር አድርጌ ልጸልይልህ?» ብለሽ ጠይቂ፤ «አይሆንም» ካለ በልብሽ ጸልዪ። እሺ ያለ ቀን የድል መዝሙር አትምረጪለት። መዝሙር 88ን (በአንዳንድ መጻሕፍት 87 ተብሎ ይገኛል) አንብቢለት፤ ከጩኸት ተነሥቶ በጨለማ የሚያበቃ ጸሎት ነው፤ ማጽናኛም አይጨመርበትም። ያም ቢሆን ከመዝሙራቱ አልወጣም። ሐዋርያው ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1፣ ስለ ሕይወታቸው እንኳ ተስፋ እስኪቆርጡ ድረስ ከአቅማቸው በላይ እንደ ከበዳቸው ሳያፍር ጽፏል። ባለቤትሽ ጨለማውን ይዞ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ እንደሚችል ሲያውቅ፣ ደህና መስሎ ለመታየት ሲል ከጸሎት መሸሹ ሊቀር ይችላል።

ሐኪም ዘንድ መሄዱን ለምርጫ አታቅርቢው፤ አብረሽው ሂጂ። ሕክምና መፈለግ እግዚአብሔርን አለማመን አይደለም፤ ጳውሎስ «የተወደደው» ብሎ የሚጠራው ሉቃስ ሐኪም ነበር። መድኃኒት ከታዘዘለት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ «አልሠራልኝም» ብሎም ሆነ «ድኛለሁ» ብሎ ከሐኪሙ ሳይነጋገር እንዳያቆም። ከቤተ ክርስቲያንም እሱ የሚያምነውን አንድ ሰው፣ የነፍስ አባቱን ወይም መጋቢውን፣ ጥሪለት፤ አንድ ሰው ይበቃል። ከመምጣቱ በፊት ግን የሚፈለገው ስብከት ሳይሆን አብሮ መቀመጥ እንደሆነ ንገሪው።

አንቺም ኤልያስ እንደተባለው ብዪ፣ ተኚ። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ እሱንም ብቻሽን አትችይም፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚተካሽ እህት ወይም ጓደኛ ካለች ሳታፍሪ ለምኛት። ልጆቹም ዝምታውን በራሳቸው ጥፋት ሊተረጉሙት ይችላሉ። «አባባ ታሟል፤ እንዲሻለው እየረዳነው ነው፤ እናንተ ያደረጋችሁት ነገር የለም» በያቸው፤ ደጋግመው ቢጠይቁሽም ደጋግመሽ ንገሪያቸው።