«ዳው ጆንስ 400 ነጥብ ወረደ» ሲባል ምንድነው የወረደው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን

ሰላም ነው አቦ! ማታ ማታ ዜና ላይ ዳው ጆንስ ይሄን ያህል ነጥብ ወረደ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ይሄን ያህል ወጣ ሲሉ እሰማለሁ። ነጥብ ማለት ዶላር ነው እንዴ? ደሞ አንዳንድ ቀን አንዱ ወጥቶ ሌላው ይወርዳል፣ ሁለቱም የአሜሪካ ገበያ አይደሉም ወይ? ጓደኞቼን ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ነው የሚያወራው።

መልስ

ወንድሜ፣ ዳው ጆንስም ኤስ ኤንድ ፒ 500ም ኢንዴክስ ይባላሉ፣ የብዙ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳዩ ማለት ነው። ነጥብ ዶላር አይደለም፣ ዶላር የነበረበት ጊዜ ግን ነበር። ቻርልስ ዳው የሚባለው ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1896 ሜይ 26 ላይ የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደመረና ለ12 አካፈለው፣ 40.94 መጣ። በቃ ዳው ጆንስ ይሄው ነው፣ እኔና አንተ ትምህርት ቤት የተማርነው አማካይ ነው፣ ያን ቀን 40.94 ማለት ትክክለኛ ዶላር ነበር። በኋላ ኩባንያዎቹ በ1916 ወደ 20፣ በ1928 ደሞ ወደ 30 ከፍ አሉ፣ እስከዛሬም 30 ናቸው።

ታዲያ ዶላርነቱ የት ጠፋ ካልከኝ፣ ኩባንያዎች አንዱን አክሲዮን ለሁለትና ከዛ በላይ ስለሚከፋፍሉ ነው። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑ 100 ዶላር ደርሶ ውድ ሲሆንበት አንዱን ለሁለት ይከፍለውና እያንዳንዱ 50 ይሆናል። ባለ አክሲዮኑ ምንም አልጎደለበትም፣ ትናንት አንድ ባለ 100 ነበረው ዛሬ ሁለት ባለ 50 አለው፣ ነገር ግን ዝም ብለህ ደምረህ ካካፈልክ አማካዩ ወርዶ ታየዋለህ። ሶስት ኩባንያ እንውሰድ፣ 100 እና 50 እና 30 ዶላር፣ ድምሩ 180፣ ለ3 ሲካፈል 60። ባለ 100ው ለሁለት ሲከፈል ድምሩ 130 ይሆናል፣ ለ3 ብታካፍለው 43 ገደማ ይመጣል፣ ማንም ሳይከስር ገበያው የወደቀ ይመስላል። ስለዚህ የሚያደርጉት ማካፈያውን መቀየር ነው፣ 130 ተካፍሎ 60 እንዲመጣ ማካፈያው ከ3 ወደ 2.17 ገደማ ይወርዳል። ይሄ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲደጋገም፣ ኩባንያም ሲወጣና ሲገባ፣ የዳው ማካፈያ ዛሬ ከአንድ በታች ወርዶ 0.16 ገደማ ሆኗል። በ0.16 ማካፈል ማለት ከስድስት ጊዜ በላይ ማባዛት ነው፣ ስለዚህ ከ30ዎቹ የማንኛውም አክሲዮን በአንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ ዳው ስድስት ነጥብ ገደማ ይንቀሳቀሳል።

«የማንኛውም» ያልኩት ላይ ቆም በል፣ የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ እዛ ውስጥ ነው። ቀፊራ ገብተህ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት፣ የአንድ ኪሎ ቲማቲምና የአንድ ኪሎ ኮረሪማ ዋጋ ደምረህ «የቀፊራ አማካይ» ብትል፣ ኮረሪማ ትንሽ ስትወደድ አማካዩ ይዘላል፣ ሽንኩርት እጥፍ ቢሆን ግን ያን ያህል አይታይም፣ እናቶቻችንን ግን የሚጎዳቸው ሽንኩርቱ ነው፣ ብዙ የሚገዙት እሱን ስለሆነ። ዳው የሚሰራው እንደዛ ነው፣ የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ ውድ የሆነ ኩባንያ የበለጠ ይመዝናል፣ ኩባንያው በጠቅላላው ትንሽ ቢሆንም እንኳ።

እ.ኤ.አ. በ1957 ማርች ላይ በ500 ኩባንያ የጀመረው ኤስ ኤንድ ፒ ደሞ በሌላ ሚዛን ነው የሚለካው። የአክሲዮኑን ዋጋ ገበያ ላይ ባለው የአክሲዮን ብዛት አባዝቶ የኩባንያውን ጠቅላላ ዋጋ ይወስዳል፣ ትልቁ ኩባንያ ትልቅ ክብደት ይይዛል። ወደ ሶስቱ ኩባንያዎቼ ልመልስህ፣ ባለ 100ው ለሁለት ሳይከፈል በፊት። ባለ 100ው 1 ሚሊዮን አክሲዮን ቢኖረው ጠቅላላ ዋጋው 100 ሚሊዮን ነው፣ ባለ 50ው 10 ሚሊዮን ቢኖረው 500 ሚሊዮን፣ ባለ 30ው 20 ሚሊዮን ቢኖረው 600 ሚሊዮን፣ ሁሉም አንድ ላይ 1.2 ቢሊዮን። አሁን ባለ 100ው ብቻ 10 በመቶ ቢወጣ በዳው አቆጣጠር ገበያው 5.6 በመቶ ወጣ ትላለህ፣ በኤስ ኤንድ ፒ አቆጣጠር ግን 0.8 በመቶ ብቻ ነው የወጣው። በሱ ፋንታ ባለ 30ው 10 በመቶ ቢወጣ ደሞ በዳው 1.7፣ በኤስ ኤንድ ፒ 5 በመቶ። ገበያው አንድ ቀን አንድ አይነት ሆኖ ሳለ ሁለት የተለያየ ወሬ ይነገርሃል ማለት ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ የምታየው ኩባንያዎቹም ስለሚለያዩ ሚዛኑም ስለሚለያይ ነው፣ ከሁለቱ የገበያውን ሁኔታ በተሻለ የሚያሳየው ኤስ ኤንድ ፒው ነው ብዬ አምናለሁ።

ነጥብ ስትሰማም ሁሌ ወደ ፐርሰንት ቀይረው። እ.ኤ.አ. በ1987 ኦክቶበር 19 ዳው 508 ነጥብ ወረደ፣ ያኔ 22.6 በመቶ ነበር፣ በአንድ ቀን የገበያው ከአምስት አንዱ ሄደ ማለት ነው። ዳው በ2024 ሜይ ላይ 40 ሺን አልፏል፣ እዛ ከፍታ ላይ ያው 508 ነጥብ 1.3 በመቶ አይሞላም፣ የተለመደ ቀን ነው። ዜናው ግን ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚያነበው።

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ ገንደ ቆሬ

እኔና ልጆቹ የምንከታተለው ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አለ፣ የዩኤስ 30 እና የናስዳክ 100 ሲግናል ይሰጣሉ፣ አሁን ግዛ አሁን ሽጥ የሚል፣ 50 ዶላር አስገብተህ ጀምር ይላሉ። ኢንዴክስ ራሱን መግዛት ይቻላል ወይስ ምንድነው የምንገዛው?

መልስ

ዩኤስ 30 የሚሉት ያው ዳው ጆንስን ነው፣ ናስዳክ 100 ደሞ ናስዳክ በሚባለው የአሜሪካ ገበያ ላይ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ነው። ኢንዴክስ ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደሞ አይገዛም። የሚገዛው ቁጥሩ ውስጥ ያሉት ኩባንያዎች ናቸው፣ እሱን ለተራ ሰው ያቀለለው ጆን ቦግል የሚባል ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ድርጅቱ ቫንጋርድ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን ተከትሎ የሚሄድ ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ ቋት፣ ለህዝብ አቀረበ። ገንዘብህን ስትሰጠው ኢንዴክሱ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች በየክብደታቸው ይገዛልሃል፣ የትኛው ይወጣል ብሎ የሚገምት ባለሙያ ስለማያስፈልገው ክፍያውም ትንሽ ነው። ያኔ ብዙ ሰው አላመነበትም ነበር፣ ዛሬ ግን በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የጡረታ ገንዘብ በዚህ መንገድ ነው የሚቀመጠው። ኢንዴክስ ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፣ አንድ ፈንድ አስተዳዳሪ «ዘንድሮ 8 በመቶ አተረፍኩላችሁ» ሲል ኢንዴክሱ 12 በመቶ ከወጣ ሰውየው በልጦ አይደለም፣ ወደኋላ ቀርቷል።

እናንተ የምታደርጉት ግን ይሄ አይደለም ወንድሜ። እዛ የምትነግዱበት አፕ ላይ አንዲት አክሲዮን እንኳ አትገዙም፣ ቁጥሩ ይወጣል ወይ ይወርዳል ብላችሁ ከብሮከሩ፣ ማለትም ከአፑ ባለቤት ድርጅት ጋር ነው የምትዋዋሉት፣ ያውም ሌቨሬጅ በሚባለው ብድር። በ50 ዶላር መቶ እጥፍ ሌቨሬጅ ስትወስድ 5,000 ዶላር የያዝክ ያህል ነው፣ ስለዚህ ኢንዴክሱ አንድ በመቶ ባንተ ተቃራኒ ከሄደ 50 ዶላርህ በሙሉ አለቀ። አንድ በመቶ ደሞ ከላይ እንዳልኩት ተራ ቀን ነው፣ ዳው 40 ሺ ላይ ከሆነ 400 ነጥብ፣ ከሰዓት በፊት ወርዶ ከሰዓት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ገበያው ይመለሳል ያንተ ብር ግን አይመለስም፣ ምክንያቱም ወርዶ እያለ አካውንትህ ተዘግቷል። ገበያው ይወጣል ያልከው ትክክል ሆኖ እንኳ ልትከስር ትችላለህ ማለት ነው፣ ይሄን ቻናሉ ላይ አይነግሯችሁም።

ስለዚህ ምክሬን ቁርጥ አድርጌ ልንገርህ፣ ተዉት። ቢያንስ ቢያንስ ሲግናል የሚሸጥላችሁን ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለህ ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ያ 50 ዶላር በድሬ ኑሮ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሐረር ሸዋ በር

ልጄ እንደምን አለህ፣ እኔ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ፣ የባንክ አክሲዮን ከገዛሁ ቆይቻለሁ፣ በየዓመቱ ትርፍ ድርሻ ይሰጡኛል። አሁን አዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ተከፈተ አሉ። ልጆቼ ኢንዴክስ እያየሽ ሲወጣ ትሸጫለሽ ይሉኛል፣ እውነት ነው?

መልስ

እማማ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ እርስዎስ እንዴት ኖት? ገበያው ተከፍቷል፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ነው የተመረቀው፣ የመጀመሪያው ተመዝጋቢም ወጋገን ባንክ ነበር። የልጆችዎን ምክር ግን ለጊዜው ያቆዩት።

ኢንዴክስ የሚናገረው ስለ ብዙዎቹ ነው፣ እርስዎ ያለዎት ግን የአንድ ባንክ አክሲዮን ነው። ኢንዴክስ ወጥቶ የእርስዎ ባንክ ሊወርድ ይችላል። ሌላው፣ ጥቂት ኩባንያ ባለበት ገበያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ኢንዴክሱን ለብቻው ይዞት ይሄዳል፣ ናይሮቢ እንኳ ብዙ ዓመት የሰራ ገበያ ሆኖ ሁሉንም ኩባንያ በሚያጠቃልለው ኢንዴክስ ላይ የሳፋሪኮም ክብደት እጅግ ትልቅ ነው፣ ሳፋሪኮም ሲያስነጥሰው ኢንዴክሱ ይታመማል። ደሞ አክሲዮን አልፎ አልፎ ብቻ በሚሸጥበት ቦታ ኢንዴክሱ የሚይዘው መጨረሻ የተሸጠበትን ዋጋ ነው፣ ያ ዋጋ የቆየ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ ልሽጥ ቢሉ በዛ ዋጋ ገዢ ላያገኙ ይችላሉ።

ለእርስዎ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ይሄ ነው፣ አብዛኛው ጊዜ ዜና ላይ የሚነገረው ኢንዴክስ ትርፍ ድርሻን አይቆጥርም፣ ዋጋን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሴፕቴምበር ላይ ዳው 381 ነበር፣ በ1932 ጁላይ 41 ደረሰ፣ ወደ ድሮው ቁጥር የተመለሰው በ1954 ኖቬምበር ነው፣ 25 ዓመት ማለት ነው፣ ነገር ግን በየዓመቱ ትርፍ ድርሻ እየተቀበሉ መልሰው አክሲዮን የገዙበት ሰዎች ከዛ በጣም ቀድመው አገግመዋል። እርስዎም የሚኖሩት በየዓመቱ በሚመጣልዎት ትርፍ ድርሻ ነው፣ እሱ ደሞ ኢንዴክስ ላይ አይታይም።

ስለዚህ የሚያዩት ሶስት ነገር ነው፦ ባንክዎ በአንድ አክሲዮን ስንት ብር አተረፈ፣ ከዛ ውስጥ ስንቱን አከፋፈለ፣ ያከፋፈለው እርስዎ ከከፈሉት ብር አንፃር ከዋጋ ግሽበቱ ይበልጣል ወይ። ግሽበቱን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ያወጣዋል፣ እሱም ኢንዴክስ ነው፣ የእቃዎችን ዋጋ ሰው በሚያወጣባቸው ገንዘብ መጠን እያመዘነ የሚሰራ። የባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ለባለ አክሲዮኖች ጉባኤ ላይ ይሰጣል፣ ካልደረስዎት ቅርንጫፉ ሄደው የአክሲዮን ክፍሉን ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው። ባንክዎ አዲሱ ገበያ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነም እዛው ይነግሩዎታል፣ ከተመዘገበ መሸጥ የሚችሉት ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ነው፣ ሱቅ ድረስ መጥቶ «አክሲዮንዎን ልሽጥልዎ» የሚል ሰው ካለ ወረቀትዎን እንዳይሰጡት።